ሉዊጂ ባሉጋኒ፤ በጎንደር ያረፈው የዕፅዋት ሠዓሊ

በየጓሮአችን የሚበቅሉት ሎሚና ጤና አዳም በመልክ የማይመሳሰሉ ቢሆኑም የአንድ ቤተሰብ ዕፅዋት ናቸው። ቅጠላቸውን አሽቶ ያሸተተ ሰው ዝምድናቸውን በመጠኑ ሳይገምት አይቀርም። የዕፅዋት ሊቃውንት ከዚህ ቤተሰብ ጋር በአንድ ታላቅ ክፍል የሚመድቧቸው ሌሎችም አሉ፤ ከእነርሱም መካከል የበለሳን ዛፍና በአገራችን ለመድኃኒትነት የሚፈለገው ዋጊኖስ ይገኛሉ። የእነዚህ የሁለቱ ሥዕል ከእንሰት፣ ከቁልቋል፣ ከዋንዛ፣ ከቀንጠፋ፣ ከኮሶና ከጤፍ ሥዕል ጋር በ1790 በታተመው በስኮትላንዳዊው ተጓዥ በጄምስ ብሩስ ባለ አምስት ቅጽ መጽሐፍ ውስጥ ወጥቶአል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የብሩስን ስም የማያውቅ የታሪክ አንባቢ ጥቂት ነው። አብሮት የተጓዘውና የሣለለት ሉዊጂ ባሉጋኒ ግን ዛሬ በሊቃውንት ዘንድ የታወቀ ይሁን እንጂ፣ ለሁለት መቶ ዓመታት ያህል በሌላው ጥላ ሥር ተሸሽጎ ኖሮአል።

ባሉጋኒ በ1737 በኢጣልያ አገር በቦሎኛ ከተማ ተወለደ። ከተማይቱ በዚያን ዘመን በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ግዛት ውስጥ የነበረች ስትሆን፣ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቷም በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቀሌምንጦስ 11ኛ ስም የተጠራ ነበር። ወጣቱ በዚያ የሕንፃ ንድፍ ተምሮ፣ በኋላም ወደ ሮም ሄዶ ሙያውን አዳበረ። በ1765 በአልጀርስ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ብሩስ በሰሜን አፍሪቃ የሚገኙትን የጥንት ሮማውያን ፍርስራሾች የሚነድፍለት ሰው ይፈልግ ነበርና ባሉጋኒን ቀጠረው። ሁለቱም በአልጀርስ፣ በቱኒዝ፣ በትሪፖሊ፣ በሶርያና በግብፅ ተዘዋውረው፣ በ1769 ምጽዋ ደረሱ፤ በየካቲት 1770ም ጎንደር ገቡ።

ጎንደር ለአንድ ኢጣልያዊ ካቶሊክ ቀላል አገር አልነበረችም። ከ54 ዓመት በፊት፣ በመጋቢት 1716፣ ሦስት የፍራንቸስኮስ ማኅበር ካህናት፣ ሊቤራቶ ቫይስ፣ ሳሙኤል ማርዞራቲና ሚካኤል ፒዮ ፋሶሊ፣ በዚያች ከተማ በድንጋይ ተወግረው ሞተዋል። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በ1988 ብፁዓን ብለው ያወጁአቸው እነዚህ ሰማዕታት ናቸው። ባሉጋኒ ግን የመጣው እርሳስና የውሃ ቀለም ይዞ ነበር።

የዕፅዋት ሥዕል ትዕግሥትን የሚጠይቅ ሥራ ነው። ቅርንጫፉ ከተቆረጠ በኋላ በፍጥነት ስለሚጠወልግ ሠዓሊው ቅጠሉን፣ አበባውን፣ ፍሬውንና ዘሩን በልካቸው ለማስቀረት ጊዜ አይሰጠውም። ሥዕሉን የሚያይ ሰው ዛፉን በሜዳ ሲያገኘው ሳይሳሳት ሊለየው ይገባልና፣ ውበት ብቻውን አይበቃም። የሕንፃ ምሰሶዎችን በልክ መንደፍ የለመደው የባሉጋኒ እጅ ይህንን ጥንቃቄ ወደ ቅጠልና ወደ አበባ አሸጋገረው።

በኅዳር 1770 ብሩስ በሰከላ፣ በግሽ፣ የዓባይን ምንጭ ባየ ጊዜ ባሉጋኒ ከጎኑ ነበር። በጉዞው ላይ በራሱ እጅ የጻፈው ማስታወሻ ይህንን ያረጋግጣል። በዚያው ቦታ ኢየሱሳዊው አባ ፔድሮ ፓኤዝ ሚያዝያ 21 ቀን 1618 ቆሞ ነበር። ብሩስ ግን ክብሩን ከማንም ጋር ለመካፈል አልወደደም። የፓኤዝን ቀዳሚነት ሐሰት ነው ሲል ተከራከረ፤ ባሉጋኒንም ከምንጩ ጉዞ በፊት የሞተ አስመስሎ ጻፈ፤ ሥዕሎቹም የገዛ እጁ ሥራ ሆነው እንዲታዩ አደረገ።

እውነቱ እንዲህ ነው፤ ባሉጋኒ ከምንጩ ተመልሶ በ1771 በጎንደር ዐረፈ። ዕድሜው ገና በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበር። የሞተበትም ደዌ ተቅማጥ እንደ ነበረ ይነገራል። ብሩስ ራሱ በኋላ በምዕራብ ወሰን በራስ ኤል ፊል በዚሁ ሕመም ተይዞ፣ የአገሩ ሰዎች ባሳዩት በዋጊኖስ ሥር እንደ ተፈወሰ ጽፎአል። የዛፉን ዘር ወደ አውሮፓ ወሰደ፤ ዛፉም በዚያ የተቅማጥ መድኃኒት መሆኑን በሚያመለክት ቅጽል ታጅቦ፣ በብሩስ ስም ተሰየመ። መድኃኒቱን ያወቁት ኢትዮጵያውያንም ሆኑ ሠዓሊው በስሙ ውስጥ ስፍራ አላገኙም።

ብሩስን መኰነን የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም፤ ደፋርና ትጉ ሰው ነበር፤ መጽሐፈ ሄኖክንም ለአውሮፓ ሊቃውንት ያደረሰ እርሱ ነው። ነገር ግን የሠራተኛን ደመወዝ መከልከል ኃጢአት እንደ ሆነ ሁሉ፣ የሠራበትን ስም መንጠቅም ዕዳ ነው። ሥዕሎቹ ለረጅም ዘመን በብሩስ ቤተሰብ እጅ ቆይተው፣ አሁን በአሜሪካ በዬል ዩኒቨርሲቲ የብሪታንያ ሥነ ጥበብ ማእከል ይገኛሉ። በ1991 ሦስት ሊቃውንት የአፍሪቃ ዕፅዋት ሥዕሎቹን መርምረው በባሉጋኒ ስም በመጽሐፍ አወጡአቸው። ዕዳው በዚህ መንገድ ከ220 ዓመት በኋላ ተከፈለ።

በየቁምስናችን መሠዊያውን በአበባ የሚያስጌጡ፣ መዝሙሩን በእጃቸው የሚገለብጡ፣ ሕፃናትን ፊደል የሚያስቈጥሩ፣ ስማቸው በየትኛውም መዝገብ የማይገኝ ብዙዎች አሉ። በስውር የሚያይ አባት እንደሚያውቃቸው እናምናለን። ይህ እምነት ግን እኛን ከማመስገን ነፃ አያወጣንም። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሎሚውንና ጤና አዳሙን ለልጆች በሚያሳዩበት ጊዜ፣ ፈጣሪን ካመሰገኑ በኋላ ለተክሉ የደከመውን ሰው ስም ቢጠሩ፣ ለባሉጋኒ ዘግይቶ የመጣው ፍትሕ ለሌሎች በጊዜው ይደርሳል።