ዓይነ ስውሩ ሊቅና ታላላቅ ቁጥሮች

ሌዎናርድ ኦይለር በስዊስ አገር በባዝል ከተማ በ1707 ዓ.ም. ተወለደ (በዚህ ጽሑፍ የሚገኘው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። አባቱ ሰባኪ ስለ ነበረ ልጁም ፈለጉን እንዲከተል ይመኝ ነበር፤ ነገር ግን ስመ ጥሩው የሒሳብ ሊቅ ዮሐን በርኑሊ የወጣቱን ተሰጥዖ ተመልክቶ አባቱን አግባባ። በርኑሊ ሥራ ይበዛበት ነበርና ኦይለርን ለብቻው ሊያስተምረው አልፈቀደም፤ ከባድ ከባድ መጻሕፍት መርጦ በራሱ እንዲያነብ አዘዘው፣ ያልገባውንም ይዞ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ እንዲመጣ በሩን ከፈተለት። በእኔ አስተያየት ከኦይለር ታሪክ ውስጥ ለእኛ ለመምህራን የዚህን ያህል ሊጠና የሚገባው ክፍል ጥቂት ነው።

በ1727 ዓ.ም. ወደ ሩሲያ ተጉዞ በፒተርስበርግ የሳይንስ አካዳሚ ሥራ ያዘ። በ1729 ዓ.ም. ወዳጁ ጎልድባኽ በደብዳቤ አንድ ነገር ጠየቀው። ፈረንሳዊው ፌርማ ቀደም ሲል 3፣ 5፣ 17፣ 257፣ 65,537 እያሉ የሚያድጉት ቁጥሮች ሁሉ ብቸኛ ቁጥሮች፣ ማለትም ከ1ና ከራሳቸው በቀር አካፋይ የሌላቸው፣ እንደ ሆኑ ያምን ነበር። ከቁጥሩ 1 ቀንሶ፣ የቀረውን በራሱ አባዝቶ 1 ሲጨመርበት ተከታዩ ይገኛል። ስድስተኛው 4,294,967,297 ነው። ይህን በተራ ሙከራ ለመመርመር ከስድስት ሺህ በሚበልጡ ብቸኛ ቁጥሮች ማካፈል ያስፈልጋል። ኦይለር ግን በ1732 ዓ.ም. ቁጥሩ 641 በ6,700,417 ሲባዛ የሚገኝ መሆኑን አስታወቀ፤ የፌርማም እምነት ፈረሰ። ምክንያቱን በዝርዝር ያስረዳው ከዓመታት በኋላ ነው፤ የዚህ ቁጥር አካፋይ ሁሉ ለ64 ሲካፈል 1 ቀሪ መተው አለበት። እንዲህ ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች 193፣ 257፣ 449፣ 577፣ 641 ናቸው። አምስተኛው ሙከራ ይበቃል ማለት ነው!

በ1738 ዓ.ም. ገደማ የቀኝ ዓይኑ ጠፋ። ከ1741 እስከ 1766 ዓ.ም. በበርሊን ከቆየ በኋላ ወደ ፒተርስበርግ ተመለሰ፤ በዚያም የግራ ዓይኑን ሞራ ጋረደው። በ1771 ዓ.ም. በተደረገለት ቀዶ ሕክምና ለጥቂት ቀናት ማየት ቢችልም ብርሃኑ ዳግመኛ ጠፋ። ሆኖም ሥራውን አላቋረጠም፤ ለልጆቹና ለረዳቶቹ በቃል እየነገረ ያስጽፍ ነበር።

በ1772 ዓ.ም. ያስታወቀው የ2,147,483,647 ጉዳይ የዚህ የጨለማ ዘመን ፍሬ ነው። ቁጥሩ 31 ሁለቶች እርስ በርስ ተባዝተው 1 ሲቀነስ የሚገኘው ነው። ብቸኛ መሆኑን ለማረጋገጥ እስከ 46,340 ድረስ ያሉትን ከ4,700 በላይ ብቸኛ ቁጥሮች መሞከር ይገባ ነበር። ኦይለር አካፋይ ቢኖር ኖሮ ለ248 ሲካፈል ቀሪው 1 ወይም 63 ብቻ ሊሆን እንደሚችል አሳየ። ስለዚህ ለሙከራ የቀሩት አራት መቶ እንኳ አይሞሉም። አንዳቸውም ቁጥሩን ሳያካፍሉት ቀሩ።

ኦይለር በመስከረም ወር 1783 ዓ.ም. በፒተርስበርግ አረፈ። ያ ቁጥር ለብዙ አሥርት ዓመታት ከታወቁት ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ ትልቁ ሆኖ ቆየ፤ በ1876 ዓ.ም. በፈረንሳዊው መምህር በኤድዋር ሉካስ እጅ ባለ 39 አኃዝ ብቸኛ ቁጥር ተገኘ።