ዶክተር ጆን ስኖውና የኮሌራ መተላለፊያ መንገድ

ዶክተር ጆን ስኖው እ.ኤ.አ. ማርች 15 ቀን 1813 በእንግሊዝ አገር በዮርክ ከተማ ከጉልበት ሠራተኛ ቤተሰብ ተወለዱ። በ14 ዓመታቸው ኒውካስል በሚገኝ አንድ ቀዶ ጠጋኝ ሐኪም ዘንድ ተቀጥረው ሙያውን መማር ጀመሩ። በ1831 እና በ1832 ኮሌራ አገሪቱን ሲወር በኪሊንግዎርዝ የከሰል ማዕድን ሠራተኞችን የረዱት ገና ተማሪ ሳሉ ነበር። በ1844 ከለንደን ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ዶክትሬት ተቀበሉ። በማደንዘዣ ሕክምናም ስማቸው ገንኖ በ1853 እና በ1857 ንግሥት ቪክቶሪያ ሲወልዱ ክሎሮፎርም ሰጥተዋል።

በዘመኑ የነበሩ አብዛኞቹ ሐኪሞች ኮሌራ ከቆሻሻ በሚነሣ መጥፎ አየር ይመጣል ብለው ያምኑ ነበር። ስኖው ግን በሽታው ከአንጀት እንደሚጀምር አስተውለው፣ በበሽተኛው ዐይነ ምድር በተበከለ ውሃ እንደሚተላለፍ በ1849 ባሳተሙት ጽሑፍ አስረዱ። ሐሳባቸውን የተቀበሉት ጥቂቶች ነበሩ።

በኦገስት 1854 መጨረሻ በለንደን ሶሆ ሰፈር ወረርሽኙ በረታ። ስኖው የሟቾችን ቤት እየተከታተሉ ሲመረምሩ አብዛኞቹ ከብሮድ ስትሪት የእጅ ፓምፕ ይጠጡ እንደነበር ደረሱበት። የራሱ ጉድጓድ በነበረው በአቅራቢያው የድሆች መጠለያ ግን ከ535 ሰዎች የሞቱት 5 ብቻ ነበሩ። ሴፕቴምበር 8 ቀን በእርሳቸው ምክር የፓምፑ እጀታ ተነቀለ።

ይህ ታሪክ በሰፊው ይነገራል። ሆኖም ነዋሪው ሰፈሩን ለቆ በመሸሹ ወረርሽኙ አስቀድሞ መቀነስ ጀምሮ እንደነበር ስኖው ራሳቸው ሳይሸሽጉ ጽፈዋል። የላቀው ማስረጃቸው የተገኘው ከቴምዝ ወንዝ በስተደቡብ ነው። በዚያ ሁለት ኩባንያዎች ለጎረቤታሞች ውሃ ያቀርቡ ነበር። የላምቤዝ ኩባንያ በ1852 መቅጃውን የከተማው ፍሳሽ ወደማይደርስበት የወንዙ የላይኛው ክፍል አዛውሯል፤ ሳውዝዋርክና ቮክስሆል ግን ከተበከለው ወንዝ ይቀዳ ነበር። ስኖው በአንድ ባልደረባ እየተረዱ ቤት ለቤት ዞረው ጠየቁ። የውሃውን አቅራቢ የማያውቅ ሰው ባጋጠማቸውም ጊዜ በውሃው ያለውን የጨው መጠን መርምረው ለዩ። በ1854ቱ ወረርሽኝ የመጀመሪያ 7 ሳምንታት ከየ10,000 ቤቶች የደረሰው ሞት በሳውዝዋርክና ቮክስሆል ደንበኞች 315፣ በላምቤዝ ደንበኞች 37 ሆኖ ተገኘ።

ያም ሆኖ የጤና ባለሥልጣኖቹ ማስረጃውን አልተቀበሉም። ስኖው ጁን 16 ቀን 1858 በ45 ዓመታቸው ዐረፉ። የስታቲስቲክስ ሊቁ ዊልያም ፋር በ1866ቱ ወረርሽኝ የውሃውን ጥፋተኛነት አረጋገጡ፤ ሮበርት ኮክም በ1884 የኮሌራን ባክቴሪያ ለይተው አሳወቁ። ስኖው ተሕዋሲው እስኪለይ ሳይጠብቁ፣ ሟቾችን በጥንቃቄ በመቁጠርና የሚጠጡትን ውሃ ምንጭ በመመርመር ብቻ በሽታውን መከላከል እንደሚቻል አሳይተዋል። የራሳቸውን ማስረጃ ድካም ጭምር በግልጽ መጻፋቸውም ለኅብረተሰብ ጤና ሙያ የተዉት ውርስ ነው።