ኢብኑል ሐይሠም፦ ብርሃን በውሃ ውስጥ እንደሚዘገይ ያስተማሩት ሊቅ



ውሃ በሞላ ብርጭቆ ውስጥ ማንኪያ ስናስገባ፣ ማንኪያው ውሃውን የነካበት ቦታ ላይ ተሰብሮ ይታየናል። ስናወጣው ግን እንደነበረው ነው። አብዛኞቻችን አይተን እናልፈዋለን። የዛሬው ባለታሪካችን ግን ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት ምክንያቱን ሊያውቁ ፈለጉ።

አቡ ዐሊ አል-ሐሰን ኢብኑል ሐይሠም እ.ኤ.አ. በ965 ገደማ በዛሬዋ ኢራቅ፣ በበስራ ከተማ ተወለዱ። በሒሳብና በሥነ ፈለክ ዕውቀታቸው ስማቸው ገና ሳይርቅ አልቀረም። ታሪክ ጸሐፊው ኢብኑል ቂፍጢ እንደዘገቡት፣ ግብፅ ብገኝ የዓባይን ውሃ ሙላትና ጉድለት የሚያስተካክል ሥራ እሠራ ነበር ማለታቸው የፋጢሚያው ኸሊፋ አል-ሐኪም ጆሮ ደረሰ። ኸሊፋውም አስጠሯቸው።

ሊቁ ወንዙን ተከትለው እስከ አስዋን ወጡ። በመንገዳቸው የጥንቶቹን ግብፃውያን ግዙፍ ሕንፃዎች አዩ። እነዚያ ጠቢባን ያልሞከሩት፣ የማይቻል ቢሆን ነው ብለው አሰቡ። ከሀገራችን ደጋዎች የሚወርደውን የክረምት ሙላት በዚያ ዘመን አቅም መግታት እንደማይቻልም ተረዱ። ተመልሰው አልቻልኩም ሲሉ አመኑ። ኸሊፋው ሹመት ቢሰጣቸውም፣ በቀላሉ ሰው የሚያስገድል ገዥ ነበርና ፈሩ፤ ያበዱ መስለውም ቤት ውስጥ ተቀመጡ። እ.ኤ.አ. በ1021 የኸሊፋው ዘመን ሲያበቃ ነፃ ወጡ። ከዚያ በኋላ በአል-አዝሃር መስጂድ አጠገብ እየኖሩ፣ የሒሳብና የሥነ ፈለክ መጻሕፍትን በእጃቸው ገልብጠው በመሸጥ ይተዳደሩ ነበር።

ከሥራዎቻቸው ሁሉ ይበልጥ የሚታወቀው ሰባት ክፍሎች ያሉት «ኪታቡል መናዚር» ነው። ከእርሳቸው በፊት ብዙዎች ከዓይን ጨረር ወጥቶ ነገሮችን ይነካል ይሉ ነበር። እርሳቸው ግን ብርሃን ከነገሮች ወደ ዓይን እንደሚመጣ አስረዱ። ፀሐይን ትኩር ብሎ ያየ ሰው ዓይኑን የሚያመው ለዚህ ነው።

ሰባተኛው ክፍል የማንኪያውን ነገር ይመለከታል። ኢብኑል ሐይሠም ብርሃን የቱንም ያህል ቢፈጥን ጉዞው ጊዜ ይወስዳል አሉ። ጥቅጥቅ ባለ ነገር ውስጥ ሲያልፍ ደግሞ ይበልጥ ስለሚከለከል ይዘገያል፤ ከአየር ይልቅ በውሃ፣ ከውሃም ይልቅ በመስታወት። በሰያፍ ሲገባ አቅጣጫውን የሚቀይረውም በዚሁ ምክንያት ነው አሉ። ይህን ለማስረዳት ወደ ስስ ሳንቃ የሚወረወር ኳስን ምሳሌ አደረጉ፤ ፊት ለፊት የመጣው ሰብሮ ሲያልፍ በሰያፍ የመጣው ይንሸራተታል።

እዚህ ላይ ማጋነን አይገባንም። እርሳቸው የብርሃንን ፍጥነት አልለኩም፤ የሚለኩበት መሣሪያም አልነበረም። ብርሃን የሚታጠፍበትን ትክክለኛ የሒሳብ ሕግም አላገኙትም። ያ ሕግ የሚገኘው ከእርሳቸው ቀድመው በባግዳድ በሠሩት በኢብኑ ሰህል ጽሑፍ ነው። የመከልከሉ ማብራሪያም የዛሬው ሳይንስ ከሚሰጠው ይለያል።

ዋናው ነጥባቸው ግን ትክክል ነበር። ከስድስት መቶ ዓመታት በኋላ እነዴካርትና ኒውተን ተቃራኒውን፣ ማለትም ብርሃን በውሃ ውስጥ ይበልጥ እንደሚቀለውና እንደሚፈጥን ያስቡ ነበር። ብርሃን ለመጓዝ ጊዜ እንደሚወስድ እ.ኤ.አ. በ1676 ዴንማርካዊው ሮመር ከጁፒተር ጨረቃ ግርዶሽ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1850 ደግሞ ፈረንሳዊው ፉኮ በሚሽከረከር መስታወት ፈትኖ ብርሃን በውሃ ውስጥ ከአየር ይልቅ እንደሚዘገይ አረጋገጠ።

ዛሬ ቁጥሩ ይታወቃል። ብርሃን በባዶ ሕዋ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። በውሃ ውስጥ ወደ 225,000፣ በተለመደው መስታወት ወደ 200,000፣ በአልማዝ ውስጥ ደግሞ ወደ 124,000 ይወርዳል። ከባሕር በታች በተዘረጉት የመስታወት ክሮች ውስጥ የኢንተርኔት መልእክቶቻችንን የሚያደርሰውም ይኸው የዘገየ ብርሃን ነው።

ኢብኑል ሐይሠም እ.ኤ.አ. በ1040 ገደማ በካይሮ አረፉ። መጽሐፋቸው ወደ ላቲን ተተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ1572 በባዝል ከተማ ታተመ። እኛ ከእርሳቸው ሕይወት የምንወስደው ትልቁ ቁም ነገር ግን ዝናቸው አይደለም። የታላቁን በጥሊሞስን ስህተቶች ነቅሰው የጻፉት እኚህ ሊቅ፣ በዓባይ ዳር የራሳቸውንም ስህተት አምነዋል። የቀደሙትን አክብሮ ቃላቸውን መመርመር፣ ሲሳሳቱም መመለስ የዕውቀት በር ነው። ልጆቻችን ማንኪያው ለምን ተሰበረ ብለው ሲጠይቁን ዝም በሉ አንበላቸው፤ አብረናቸው እንመርምር።

አላህ ይዘንላቸው፤ እኛንም የሚጠቅም ዕውቀት ይወፍቀን። አሚን።