ሳራ ፓርከር ሬመንድ፦ ከቦስተን ቲያትር ተገፍትራ የወጣችው የቤድፎርድ ኮሌጅ ተማሪ

ከለንደን በስተምዕራብ፣ ኤገም በምትባለው ከተማ ዳርቻ፣ በቀይ ጡብ የታነጸ ቤተ መንግሥት የሚመስል ሕንጻ አለ። ሮያል ሆሎዌይ ዩኒቨርሲቲ ነው። ክኒንና ቅባት ሸጦ የበለጸገው ቶማስ ሆሎዌይ ለሴቶች ትምህርት ያሠራው ይህ ተቋም፣ በንግሥት ቪክቶሪያ የተመረቀው እአአ በ1886 ነው። በ1985 ደግሞ በዕድሜ የሚበልጠው የመሀል ለንደኑ ቤድፎርድ ኮሌጅ ከእርሱ ጋር ተዋሐደ። የጎብኚ ዓይን የሚያርፈው በሆሎዌይ ማማዎች ላይ ቢሆንም፣ ይበልጥ የሚደንቀው ታሪክ ግን ያለው በቤድፎርድ በኩል ነው።

በዚያ ኮሌጅ ከተማሩት ቀደምት ሴቶች አንዷ አሜሪካዊቷ ጥቁር ሳራ ፓርከር ሬመንድ ነበረች። የተወለደችው በማሳቹሴትስ ግዛት፣ በሴለም ከተማ፣ በባርነት ካልኖረ ቤተሰብ ነው። ነጻ መሆን ግን እኩል መሆን አልነበረም፤ በልጅነቷ በቆዳዋ ቀለም ምክንያት ከትምህርት ቤት ተባርራለች። ወንድሟ ቻርልስ ሌኖክስ ሬመንድ ባርነትን በመቃወም በአደባባይ ሲናገር እያየች አደገች፤ ውላ አድራም እርሷ ራሷ መድረክ ላይ ወጣች።

በ1853 ኦፔራ ለማየት ቲኬት ቆርጣ ወደ አንድ የቦስተን ቲያትር ሄደች። ለጥቁሮች ወደተለየው ስፍራ ሂጂ ስትባል እምቢ አለች። በደረጃው ላይ ገፍትረው አስወጧት፤ ጉዳትም ደረሰባት። ቲያትሩን ከሳ ረታች፤ 500 ዶላርም ተፈረደላት። ገንዘቡ ብዙ ላይመስል ይችላል። በዚያ ዘመን አንዲት ጥቁር ሴት ፍርድ ቤት ቆማ መርታቷ ግን ቀላል ነገር አልነበረም።

በ1859 መጀመሪያ ባሕር ተሻግራ ሊቨርፑል ገባች። ከከተማ ከተማ እየዞረች ስለ ባርነት ግፍ፣ በተለይም በባርነት የተያዙ ሴቶች ስለሚደርስባቸው መደፈር ተናገረች። በማንቸስተርም የከተማዋን ፋብሪካዎች የሚያንቀሳቅሰው ጥጥ በባሪያዎች እጅ የተለቀመ መሆኑን ለአድማጮቿ አስረዳች። የሕዝብ ንግግር ማድረግ ለነጭ ሴቶች እንኳ እንደ ነውር ይቆጠር በነበረበት ጊዜ አዳራሾች በሰው ተሞሉ።

እግረ መንገዷንም መማር ፈለገች። ወይዘሮ ኤልዛቤት ጄሰር ሪድ የተባሉ ባለጸጋ መበለት በ1849 በገዛ ገንዘባቸው የመሠረቱት ቤድፎርድ፣ በብሪታኒያ ለሴቶች ከፍተኛ ትምህርት የሰጠ የመጀመሪያው ኮሌጅ ነበር። ወይዘሮዋ የባርነት ተቃዋሚም ስለነበሩ ሳራን በቤታቸው አኖሯት። በአገሯ ከትምህርት ቤት የተባረረችው ሴት በለንደን ላቲን፣ ፈረንሳይኛና ታሪክ ተማረች።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ግን የአገሯ መንግሥት በለንደንም አገኛት። ወደ ፈረንሳይ ለመሄድ ስትነሳ የአሜሪካ ሌጋሲዮን ፓስፖርቷ ላይ ቪዛ ለመምታት እምቢ አለ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጥቁሮች ዜጎች አይደሉም ብሎ ከወሰነ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። ፓስፖርቱን የሰጣት ያው መንግሥት መሆኑ ነገሩን እንቆቅልሽ ያደርገዋል። ጉዳዩ በብሪታኒያ ጋዜጦች ወጥቶ ብዙዎችን አስቆጣ። በ1865 የብሪታኒያ ዜግነት አገኘች።

ከዚያም ሕይወቷን እንደገና ጀመረች። አርባኛ ዓመቷ ገደማ ወደ ፍሎረንስ ተሻግራ በሳንታ ማሪያ ኑኦቫ ሆስፒታል ሕክምና ተማረች፤ ለዓመታትም በሐኪምነት ሠራች። በ1877 ላዛሮ ፒንቶር የተባለ ጣሊያናዊ አገባች። በታኅሣሥ 1894 ሮም ውስጥ አረፈች፤ የተቀበረችውም ካቶሊክ ላልሆኑ የውጭ አገር ሰዎች በተለየው መካነ መቃብር ነው። ስሟን የያዘ መታሰቢያ እዚያ የቆመላት ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ነው።