በረሃብ የሞቱት የዘር ሰብሳቢ

ሩሲያዊው የዕፅዋት ሳይንቲስት ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1887 በሞስኮ ተወለዱ። አባታቸው ከገበሬ ቤተሰብ ተነስተው ነጋዴ የሆኑ ሰው ነበሩ። ቫቪሎቭ የግብርና ትምህርታቸውን በሞስኮ አጠናቀው በእንግሊዝ ስለ ዘር ውርስ ካጠኑ በኋላ፣ በ1921 የሀገራቸውን የዕፅዋት ምርምር ተቋም መምራት ጀመሩ። ዓላማቸው ሀገራቸውን በየጊዜው የሚመታውን ረሃብ በተሻለ ዘር መከላከል ነበር።

ለዚህም የየሰብሉን መነሻ ፍለጋ ዓለምን ዞሩ። በ1926 መጨረሻ በጅቡቲ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገብተው ከራስ ተፈሪ ጋር ተገናኙ። ከአዲስ አበባም በበቅሎ ወደ ጎንደርና አክሱም ተጉዘው በአስመራ በኩል ወጡ። ከ6 ሺህ በላይ ናሙናዎች ሰበሰቡ። በአንድ ማሳ ላይ ብዙ ዓይነት ስንዴ ተደባልቆ የሚበቅልባት ኢትዮጵያ፣ የጤፍ፣ የኑግና የቡና መነሻ መሆኗንም በጥናታቸው አሳወቁ።

ፍጻሜያቸው ግን አሳዛኝ ነበር። የዘር ውርስ ሳይንስን ከሚቃወመው ከሊሴንኮ ጋር በገቡት ክርክር የስታሊን መንግሥት ጥርስ ነከሰባቸው፤ በ1940 ታሰሩ። ሕይወታቸውን ሙሉ ረሃብን ሲታገሉ የኖሩት ሰው በጥር 1943 በሳራቶቭ እስር ቤት በምግብ እጦት ተጎሳቁለው ሞቱ። ሌኒንግራድ በጀርመን ጦር በተከበበችበት ወቅትም በተቋሙ የቀሩ ባልደረቦቻቸው የተከማቸውን እህል ሳይነኩ በረሃብ ያለቁ ነበሩ። የቫቪሎቭ ስም የታደሰው በ1955 ነው።

የደከሙለት ጉዳይ ዛሬም አልተዘጋም። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት በ2019 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ ለምግብነት ከሚለሙ 6 ሺህ ገደማ የዕፅዋት ዝርያዎች ውስጥ 9ኙ ብቻ ከጠቅላላው የሰብል ምርት 66 በመቶውን ይይዛሉ። ሰፋፊ እርሻና ፋብሪካ የሚፈልጉት አንድ ወጥ፣ ለማሽን የሚመች ሰብል ነው። ማሳው ሲጠብ ማዕዱም ይጠባል። ስንዴው ነጭ ዱቄት ሲሆን ፉርሽካውና ፅንሱ ተለይተው ስለሚወጡ አሰር፣ ብረትና ቫይታሚን ይቀንሳል። በነጭ ዱቄት፣ በስኳርና በዘይት ላይ ያዘነበለ አመጋገብ ደግሞ ለስኳርና ለልብ ሕመም ያጋልጣል።

ከሚዛን ተፈሪ እስከ ቴፒ ባለው አካባቢ ሁለቱም መንገዶች ጎን ለጎን ይታያሉ። በአንድ በኩል እንደ በበቃ ያሉ ሰፋፊ የቡና እርሻዎች አሉ። በሌላ በኩል የአርሶ አደሩ ጓሮ ጎደሬ፣ እንሰት፣ ቦዬ፣ በቆሎ፣ አደንጓሬና ኮረሪማ በአንድ ላይ ያበቅላል። ቡናው ገንዘብ ያመጣል፤ አስፈላጊም ነው። ነገር ግን ጓሮው ሁሉ ለቡናና ለጫት ከተለቀቀ፣ የቤተሰቡ ምግብ ከሱቅ በሚገዛ ፓስታና ዱቄት ላይ ይንጠለጠላል፤ የቡና ዋጋ በወረደ ጊዜም እሱን መግዣ ይጠፋል።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1976 የራሷን የዘር ባንክ አቋቁማለች፤ የሸካና የካፋ ደኖችም በዩኔስኮ በባዮስፌርነት ተመዝግበዋል። ሆኖም በባንክ የተቀመጠ ዘር ማዕድ ላይ አይደርስም። ጎደሬውንና ቦዬውን ለከርሞ የሚያሻግረው በየዓመቱ ከጓሮው ቆፍሮ የሚበላው፣ ዘሩንም መልሶ የሚተክለው አርሶ አደር ነው።