ኡስማን ሴምቤን፦ የአፍሪካን ፊልም ለአፍሪካዊ ተመልካች ያበቃው ደራሲ

ኡስማን ሴምቤን በ1923 (እአአ) በደቡብ ሴኔጋል፣ ዚጊንሾር ከተማ ተወለደ። ትምህርቱን በልጅነቱ አቋርጦ በዓሣ አጥማጅነትና በግንበኝነት ሠራ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለፈረንሳይ ዘመተ፤ ኋላም በማርሴይ ወደብ ዕቃ ጫኝና አውራጅ ሆነ። በ1956 የታተመው የመጀመሪያ ልቦለዱ ከዚያ ኑሮ የተቀዳ ነው።

ልቦለዶቹ በፈረንሳይኛ የተጻፉ ነበሩ፤ ታሪካቸውን የሚተርክላቸው አብዛኞቹ ወገኖቹ ግን ማንበብ አይችሉም ነበር። ስለዚህ ዕድሜው ወደ አርባ ሲጠጋ ሞስኮ ሄዶ የፊልም ሙያ ተማረ።

በወሎፍ ቋንቋ የሠራው “ማንዳቢ” በ1968 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ተሸለመ። ይሁንና በምዕራብ አፍሪካ ሲኒማ ቤቶች የሚታየውን የሚመርጡት የፈረንሳይ ኩባንያዎች ነበሩ። አውሮፓ ያጨበጨበለት ፊልም በገዛ አገሩ መታያ ሊያጣ ይችል ነበር።

በቀጣዩ ዓመት በዛሬዋ ቡርኪና ፋሶ መዲና ዋጋዱጉ፣ ኋላ ፌስፓኮ የተባለው ፌስቲቫል ተጀመረ። ከመሥራቾቹ አንዱ ሴምቤን ነበር። አፍሪካውያን የራሳቸውን ፊልም በራሳቸው ከተማ ለማየት በቁ።

ፈተናው ግን ከውጭ ብቻ አልመጣም። “ሴዶ” የተሰኘ ፊልሙን የአገሩ መንግሥት አገደው፤ በይፋ የቀረበው ሰበብም በርዕሱ ውስጥ የአንዲት ፊደል መደገም ነበር። እርሱ ግን ሥራውን አላቆመም። የሴት ልጅ ግርዛትን የሚሞግተው የመጨረሻ ፊልሙ “ሙላዴ” በ2004 በካን ፌስቲቫል ተሸለመ።

ሴምቤን በሰኔ 2007 በ84 ዓመቱ ዳካር ውስጥ አረፈ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እርሱ ባቆመው የዋጋዱጉ መድረክ፣ የኢትዮጵያዊው ኃይሌ ገሪማ “ጤዛ” ታላቁን ሽልማት ወሰደ።