ከሐር ትል ማርቢያ ክፍል እስከ ውቅያኖስ ማዶ፦ የጉሊየልሞ ማርኮኒ ሕይወት

በገጠር ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለች ሬዲዮ ድምፅዋ ሲደክም፣ ባለቤቱ ከአንቴናዋ ጫፍ ሽቦ አስሮ ወደ ጣሪያው ወይም ወደ ዛፍ ቅርንጫፍ ይወጥራል። ድምፁም ብዙውን ጊዜ ይጠራል። ይህ ዘዴ ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ሽቦን ከፍ አድርጎ መስቀል መልእክትን እንደሚያርቅ በገዛ እጁ ሞክሮና ለክቶ ለዓለም ያሳየው ሰው ጣሊያናዊው ጉሊየልሞ ማርኮኒ ነው። ታሪኩ የሚያስደንቅም የሚያሳዝንም ገጽታ ያለው ሲሆን፣ በመጨረሻው ምዕራፍ ከኢትዮጵያ ታሪክ ጋር ይገናኛል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማርኮኒ ኤፕሪል 25 ቀን 1874 በቦሎኛ ከተማ ተወለደ። አባቱ ጁሴፔ ማርኮኒ ባለርስት ነበሩ። እናቱ አኒ ጄምሰን ደግሞ በውስኪ ምርት ከታወቀ የአየርላንድ ቤተሰብ የተገኙ ናቸው። ልጁ በፖንቴኪዮ መንደር፣ ቪላ ግሪፎኔ በተባለው የቤተሰቡ ርስት ላይ አደገ። በመደበኛ ትምህርት ብዙ አልገፋም፤ ዩኒቨርሲቲም አልገባም። የኤሌክትሪክ ነገር ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ልቡን ሰርቆት ነበር። ለአካባቢው ቅርብ የነበሩት የቦሎኛው የፊዚክስ ሊቅ አውጉስቶ ሪጊም ለጥያቄው በራቸውን አልዘጉበትም።

በ1894 ጀርመናዊው ሳይንቲስት ሃይንሪሽ ኸርዝ አረፈ። ኸርዝ በዓይን የማይታዩ የኤሌክትሪክ ሞገዶች በአየር ውስጥ እንደሚጓዙ በሙከራ ያረጋገጠ ሰው ነበር። ስለ ሥራው የተጻፈውን በዚያው ክረምት ያነበበው የ20 ዓመቱ ማርኮኒ፣ እነዚህ ሞገዶች ያለ ሽቦ መልእክት ሊያደርሱ ይችላሉ የሚል ሐሳብ ያዘው። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አጣ። ቀድሞ የሐር ትል ይረባበት የነበረውን ከጣሪያው ሥር ያለ ክፍል ይዞ ሥራውን ጀመረ።

መሣሪያው ከቤት ውስጥ ቁሳቁስ ብዙም የራቀ አልነበረም። በአንድ ወገን ኤሌክትሪክ በብረት ኳሶች መካከል እየዘለለ ብልጭታ ይሰጣል፤ ሞገዱም ከዚያ ይወጣል። በሌላ ወገን የኒኬልና የብር ብናኝ የያዘች ቀጭን የመስታወት ቱቦ ትቀመጣለች። ሞገዱ ሲደርስ ብናኙ እርስ በርሱ ተጣብቆ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፣ ደወሉም ይጮኻል። ቀጣዩን ምልክት ለመቀበል ቱቦዋ መታ ተደርጋ ብናኙ መላቀቅ ስላለበት፣ ማርኮኒ ይህን የምታደርግ ትንሽ መዶሻ ገጠመላት። የቱቦዋ አሠራር ከእርሱ በፊት በሌሎች ሊቃውንት የታወቀ ነበር። የእርሱ ድርሻ ብናኙን እየመረጠና እየለዋወጠ ይበልጥ ስሜታዊ ማድረግ ነበር። አንድ ሌሊት እናቱን ቀስቅሶ፣ ክፍሉ ወዲያ ማዶ ያለው ደወል ያለ ሽቦ ሲጮኽ አሳያቸው። ሥራውን እንደ ጊዜ ማባከኛ ይቆጥሩት የነበሩት አባቱም ውለው አድረው ገንዘብ ሰጡት።

በ1895 ሙከራው ከጣሪያ ሥር ወደ እርሻው ወጣ። ትልቁ ግኝት የመጣው እዚህ ላይ ነው። ማርኮኒ ከመሣሪያው አንዱን ጫፍ ከአፈር ጋር አገናኘ፤ ሌላውን ጫፍ በምሰሶ አናት ላይ ከተሰቀለ የቆርቆሮ ሣጥን ጋር በሽቦ አያያዘ። ጎኑ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሣጥን በ2 ሜትር ምሰሶ ላይ ሲሰቀል ምልክቱ 30 ሜትር ደረሰ። ምሰሶው 4 ሜትር ሲሆን 100 ሜትር፣ 8 ሜትር ሲሆን ደግሞ 400 ሜትር ተጓዘ። ጎኑ አንድ ሜትር የሆነ ሣጥን በ8 ሜትር ከፍታ ላይ ሲሰቀል 2,400 ሜትር ተሻገረ። ከፍታው እጥፍ ሲሆን ርቀቱ ሦስትና አራት እጥፍ ማደጉን ልብ ይሏል። ወንድሙ አልፎንሶ ከኮረብታው ማዶ ሆኖ ምልክቱ መድረሱን በጠመንጃ ተኩስ አበሠረው። ጋራ የማያግደው መልእክት በዚያ እርሻ ላይ ተወለደ።

በ1896 መጀመሪያ፣ ገና 22 ዓመት ሳይሞላው፣ ከእናቱ ጋር ወደ እንግሊዝ ተሻገረ። በዚያው ዓመት የፈጠራ ባለቤትነት ማመልከቻ አስገባ። የእንግሊዝ ፖስታ ቤት ዋና መሐንዲስ ዊልያም ፕሪስም ደገፉት። በሜይ 1897 ምልክቱ ከፍላት ሆልም ደሴት ተነሥቶ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ባሕር ተሻግሮ ዌልስ ደረሰ። በ1899 ደግሞ በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ያለውን ባሕር አቋረጠ።

ከዚህ በኋላ ሐሳቡ አትላንቲክን መሻገር ሆነ። የምድር ክብነት ሞገዱን ያስቀረዋል ያሉት ሊቃውንት ብዙ ነበሩ። በእንግሊዝ ፖልዱ በተባለ ስፍራ የተተከለውን ትልቅ አንቴና በ1901 ዓውሎ ነፋስ ጣለው፤ በአሜሪካ ኬፕ ኮድ የተሠራውም ወደቀ። ማርኮኒ ግን ሌላ እስኪሠራ አልጠበቀም። በፖልዱ ቀለል ያለ አንቴና አስተክሎ፣ እርሱ ወደ ኒውፋውንድላንድ አቀና፤ በዚያም ሽቦውን በትልቅ ካይት፣ ማለትም ልጆች በገመድ ይዘው በነፋስ በሚያበሩት ዓይነት መጫወቻ፣ ሰማይ ላይ ሰቀለው። ዲሴምበር 12 ቀን 1901 ከ3,400 ኪሎ ሜትር ርቀት ሦስት ነጥቦችን፣ ማለትም በሞርስ ኤስ የተባለችውን ፊደል፣ በጆሮው መስማቱን አስታወቀ። ከእርሱና ከረዳቱ በቀር የሰማ ስላልነበረ እስከ ዛሬ የሚጠራጠሩት አሉ። በቀጣዩ ዓመት በመርከብ ላይ ሆኖ ምልክቶችን በወረቀት ላይ እያስመዘገበ ሞከረ። ያን ጊዜ ሞገዱ ከቀን ይልቅ በሌሊት እጅግ ርቆ እንደሚሄድ ተገነዘበ። የሩቅ አገር ጣቢያ በሌሊት ጎልቶ የሚሰማው ገበሬ ይህን ያውቀዋል።

በ1909 ከጀርመናዊው ፈርዲናንድ ብራውን ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። በኤፕሪል 1912 ታይታኒክ ስትሰጥም፣ በኩባንያው ሠራተኞች የተላከው የድረሱልን ጥሪ ሌላ መርከብ አምጥቶ 700 ያህል ሰዎች ተርፈዋል። ይሁን እንጂ የፈጠራው ክብር የእርሱ ብቻ አልነበረም። ሎጅ፣ ፖፖቭ፣ ቦስና ቴስላ በዚሁ መስክ ቀድመውም ጎን ለጎንም ሠርተዋል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ማርኮኒ ከሞተ ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1943፣ ከዋና ዋና የባለቤትነት መብቶቹ መካከል የተወሰኑትን ውድቅ አድርጓል።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ታሪኩ የሚመርረው ቀጥሎ ነው። ማርኮኒ በ1923 የፋሺስት ፓርቲ አባል ሆነ። በ1930 ሙሶሊኒ የንጉሣዊው የጣሊያን አካዳሚ ፕሬዚዳንት አድርጎ ሾመው። የጣሊያን ጦር በመስከረም 1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ሲወር፣ ይህ በዓለም ሁሉ የተከበረ ሰው ወረራውን በአደባባይ ደገፈ፤ ስሙንና ዝናውንም ለወራሪው ጠበቃ አደረገ። በዚያው በ1935 አፄ ኃይለ ሥላሴ የአገራቸውን አቤቱታ ለውጭው ዓለም በሬዲዮ አሰምተዋል። ሞገዱ የበዳይንም የተበዳይንም ድምፅ እኩል ተሸከመ። መሣሪያው ወገን አልመረጠም፤ የመረጠው ሰውየው ነው።

ማርኮኒ ጁላይ 20 ቀን 1937 በሮም በ63 ዓመቱ አረፈ። በአዲስ አበባ የየካቲት 12 ጭፍጨፋ ከተፈጸመ አምስት ወር ሆኖት ነበር። ለክብሩ በእንግሊዝ የሬዲዮ ጣቢያዎች ለሁለት ደቂቃ ጸጥ አሉ። አስከሬኑ ሥራውን በጀመረበት በቪላ ግሪፎኔ አርፏል፤ አካባቢውም ዛሬ ሳሶ ማርኮኒ ይባላል።

የመስታወት ቱቦዋ ሥራ ዛሬ በሶፍትዌር ይከናወናል። አውራ ጣት የምታክል ተቀባይ ከኮምፒውተር ጋር ተያይዛ፣ ፕሮግራሙ የአየሩን ሞገድ እየፈተሸ የኤፍ ኤም ጣቢያን፣ የአውሮፕላን ምልክትንና የአየር ጠባይ ሳተላይት ምስልን በስክሪን ላይ ያወጣል። አንቴናው ግን እንደ ጥንቱ በእጅ ሊሠራ ይችላል። 300ን ጣቢያው በሚሰማበት ሜጋ ኸርዝ ማካፈል የሞገዱን ርዝመት በሜትር ይሰጣል፤ የሽቦው ልክ የዚያ ሩብ ነው። ለ100 ሜጋ ኸርዝ ሞገዱ 3 ሜትር፣ ሽቦው 75 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ከፍ ሲል ይሻላል፤ ከቤት ውጭ የተሰቀለ ሽቦ ግን መብረቅ ሊስብ ስለሚችል ደመና ሳይከብድ ከሬዲዮው መነቀል አለበት።

የማርኮኒ ሽቦ ዛሬ የገበያ ዋጋን፣ የዝናብ ትንበያንና የተባይ ማስጠንቀቂያን ወደ ገበሬው ቤት ያደርሳል። የጠቀመውን ሥራውን መማር፣ የበደለውን አቋሙንም አለመርሳት ተገቢ ነው።